ከጎን የተነሣ ራጅ

ፋንጋሉአ መንደር፣ ሳቫኢ ደሴት፣ ሳሞአ
ማርች 16 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለዶክተር ሞኤላንጊ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም ሚስቴ ኤሴታም ዶሮዎቹም ሳይቀሩ ደህና ነን። ስልክ አለመደወሌን አትቀየሚኝ። የመንደሩ ስልክ አንድ ነው፣ እሱም ያለው ፓስተሩ ቤት ነው፤ እዚያ የተነገረ ወሬ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ይደርሳል። ስለዚህ በለመድነው በደብዳቤያችን እንቀጥል።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። ቁስሉ ደርቋል። ራሴን መሳት ቀርቷል፤ የልብ መሣሪያውን ካስገባሽልኝ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልወደቅሁም። ባሕሩ ዳር ድረስ ወርጄ ሳላርፍ እመለሳለሁ። የግራ እጄን ከትከሻዬ በላይ አላነሣም፤ ላንሣ ብል እንኳ ኤሴታ አለች፣ ከወህኒ ቤት ዘበኛ ትብሳለች።

ትናንት ቤተ ክርስቲያን ያደረግሁትን ከሰው ሳትሰሚ እኔው ልንገርሽ። ከስብከቱ በኋላ ተነሥቼ ሸሚዜን ፈታሁና ጠባሳውን ለሕዝቡ አሳየሁ። «ይህን መሣሪያ በኦክላንድ ከተማ ደረቴ ውስጥ የቀበረችው ማን መሰለቻችሁ? የሶሴፊና ልጅ ናት! የሆስፒታላችንን አንሶላ ስታጥብ የኖረችው የሶሴፊና ልጅ!» አልኩ። እናትሽ አንገቷን ደፋች፤ ጥርሷን ግን አይቻለሁ። ኤሴታ እጄን ጎትታ «ሸሚዝህን ቆልፍ አንተ ሽማግሌ፣ ሰው ገና ምሳውን አልበላም!» አለችኝ።

አልተቀመጥኩም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ የእናትሽን የልብስ ቅርጫት ይዘሽ ራጅ ክፍሌ ገብተሽ፣ መብራቱ ላይ የሰቀልኩትን ፊልም ስታዪ «ምን ይታይሻል?» ብዬ እንደጠየቅሁሽ አወራሁላቸው። «ሰውየው ልበ ሰፊ ነው» አልሽኝ። ሰውየውን ያመሰገንሽው መስሎኝ ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳይ ግን የሰውየው ልብ እውነትም አብጦ ደረቱን ሞልቶታል። የዚያን ቀን ይህች ልጅ ዓይን አላት አልኩ።

የቋሚ ሐኪምነቱ ሹመት የሚወሰነው ሜይ ሃያ ነው አይደል? መንደሩ ሁሉ እየጸለየልሽ ነው። ሌላ አዲስ ነገር አለ ወይ ላልሽኝ ምንም የለም።

አባትሽ ላፋኤሌ

*

ኦክላንድ፣ ሜይ 3 ቀን 1998

ይድረስ ለተከበሩት ለጋሼ ላፋኤሌ፣

እንደምን ከርመዋል? እትዬ ኤሴታስ? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ እሑድ ቢሆንም ተረኛ ስለሆንኩ ሆስፒታል ነው ያለሁት።

በኤፕሪል ደብዳቤዎ በእርስዎ ቦታ የተተካችው ሉሲአ እንድትማርበት ብለው አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። መልሱ እንዲህ ነው፦ ታማሚው ከጎን ራጅ ሲነሣ ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ ደረት አጥንት መዞር አለበት። ወደ ኋላ፣ ወደ ጀርባ አጥንት ከዞረ ያለቦታው ገብቷል። ከፊት ብቻ የተነሣ ራጅ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ጽፌ ፖስታውን ልዘጋ ስል እጄ ቆመ። ጋሼ፣ እርስዎ መልሱን የማያውቁትን ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

ወርጄ መዝገብ ቤት ገባሁና የእርስዎን ፋይል አወጣሁ። ውስጡ ያለው ራጅ አንድ ነው፣ ከፊት የተነሣው። ቀኑን አስታውሰዋለሁ። ሦስት ሰው ተራ ይጠብቀኝ ነበር። የልብዎ ምት ወዲያው አማረ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ «የጎኑን ነገ እናነሣለን» አልኩ። በማግሥቱ ወደ አገርዎ ተሸኙ። ከራጁ ሥር የልብ ምትዎ የተመዘገበበት ወረቀት አለ። የመጀመሪያው የደረት መስመር ላይ ምቱ ወደ ታች መውረድ ሲገባው ሽቅብ ቆሟል፤ ሽቦው ቀኙን ትቶ ግራውን የልብ ክፍል እየቀሰቀሰ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው። ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ወረቀቱ ግርጌ «አይቼዋለሁ» ብሎ የፈረመውም የእኔ እጅ ነው።

በላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ብዙ ሰው ሳያውቃት ይዟት የሚኖር ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሽቦው በእሷ ሾልኮ ወደ ግራ ያለፈ ይመስለኛል። ግራው ደግሞ ደም ወደ አንጎል የሚልከው ክፍል ነው። ሽቦው ላይ ደም ረግቶ፣ ፍርፋሪው ተላቆ ቢሄድ የሚሆነውን ልጽፈው አልችልም።

እባክዎ አይደብቁኝ። የጎኑን ራጅ አንሥታችኋል? የእጅ መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የምላስ መያዝ ደርሶብዎታል? መልሱን በፖስታ አልጠብቅም። አሁን ወደ ፓስተሩ ቤት እደውላለሁ፤ ለሆስፒታላችሁ ሐኪምም ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት ዛሬውኑ እንዲያስጀምርዎት እነግረዋለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው።

ልጅዎ ሞኤላንጊ

*

ፋንጋሉአ፣ ሜይ 11 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለሞኤላንጊ፣

ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታ ልጠይቅሽ።

ፓስተሩ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የደወልሽ ዕለት ግን ሆዱን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ልጅቷ ቫይታሚንህን አሁኑኑ ጀምር ብላሃለች!» አለኝ። ኤሴታ «የምን ቫይታሚን ነው ፓስተር የሚያስሮጠው?» አለች። እኔ ግን መድኃኒት ማለቱ፣ አንቺም እንደደረስሽበት ገባኝ። መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀምሬያለሁ፤ ደሜንም በየጊዜው እየቀዱ ያዩታል።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። የማርች ደብዳቤዬ ውሸት የለበትም፤ ያን ጊዜ ምንም አልነበረም። በፋሲካ ምሳ ላይ ግን በኮኮናት ወተት የተሠራ ጎዳሬ እየበላሁ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ብል እጄ እምቢ አለ። «ኤሴታ» ልላት ፈለግሁ፣ ምላሴ እምቢ አለ። አራት አንቀጽ መዝሙር የሚዘመርበትን ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። ኤሴታ ምግብ ያነቀኝ መስሏት ጀርባዬን ደበደበችኝ፤ ከሁሉ የቆየብኝ ሕመም የእሱ ነው። ለማንም እንዳትናገር አስማልኋት።

በሳምንቱ ሆስፒታል ሄድኩና ሉሲአን «ከፊትም ከጎንም አንሺኝ፤ በእኔ ጊዜ ሰው ከፊት ብቻ ተነሥቶ ከዚህ ክፍል አይወጣም ነበር» አልኳት። ፊልሙ ሲደርስ መብራቱ ላይ ሰቀልነው። የሽቦው ጫፍ ወደ ጀርባዬ አጥንት ዞሯል። ሉሲአ «ደህና ነው አይደል ጋሼ?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳትና ፊልሙን ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኩት። አሁን የምተኛበት ምንጣፍ ሥር ነው።

ለምን ደበቅህ ትይኛለሽ። ሜይ ሃያ ቅርብ ነበር። ሹመትሽን እጅሽ ካስገባሽ በኋላ እነግርሻለሁ ብዬ ነው። ከዚህ ደሴት ወጥቶ እዚያ የደረሰ ሰው ስንት ነው? ጥያቄዬን በሉሲአ ስም የላክሁት ደግሞ ራስሽ ደርሰሽበት በጸጥታ ታስተካክይዋለሽ ብዬ ነበር። የሞኝ ዘዴ ነው። እወቂልኝ ግን፣ በአንቺ አልተቀየምኩም፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

አባትሽ ላፋኤሌ

*

ኦክላንድ፣ ሜይ 18 ቀን 1998

ይድረስ ለጋሼ ላፋኤሌ፣

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቆጣዎት ስለሆነ መጀመሪያ ይቀመጡ።

ሕይወትዎን በእኔ ሹመት ለመለወጥ ማን ፈቀደልዎ? ቢሞቱስ? የእርስዎን መቃብር ረግጬ የምወጣበት ወንበር ላይ እንዴት ልቀመጥ ነበር? ከልጅነቴ ጀምሮ «ያየሽውን ተናገሪ» እያሉ አሳድገውኝ፣ በእኔ ሲደርስ ፊልሙን ምንጣፍ ሥር ይደብቃሉ?

በቃ፣ ቁጣዬ አለቀ።

አሁን ወሬዬን ይስሙ። የእርስዎ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ፣ ገና ሜይ አራት ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናግሬያለሁ። ወረቀቱን አገላብጠው አይተው «በሽተኛው ያውቃል?» አሉኝ።

«ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው።

«ኮሚቴው ሊቀመጥ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። መድኃኒቱን አስጀምረሽ፣ ሪፖርቱን ከዚያ በኋላ ብትጽፊው ምን ነበረበት?»

«ዶክተር፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሌላ ሰው ከጎን ሳይነሣ ከጠረጴዛችን ቢወርድስ?»

ብዕራቸውን አወጡና ሪፖርቴ ላይ እሳቸውም ፈረሙ። ሹመቱ ለአንድ ዓመት ተላልፏል። ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ስታለቅስ ስጠብቅ «እና በልተሻል?» አለችኝ።

ስለ ሽቦው ምን ይደረጋል ብለው እትዬ ኤሴታ በፓስተሩ በኩል አስጠይቀውኛል። ለጥቂት ሳምንታት መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ጁላይ ላይ እዚህ ይመጣሉ። በጉሮሮ በሚገባ መሣሪያ ልብዎን ከውስጥ እናያለን። ሽቦው ላይ የረጋ ደም ከሌለ፣ ገና አዲስ ስለሆነ ቀስ ተብሎ ይሳብና በትክክለኛው ክፍል ይተከላል። የረጋ ደም ካለ ግን አንነካውም፤ ያኔ ሌላ መንገድ እንመክራለን። የሚሠሩልዎ አለቃዬ ናቸው። የእኔ እጅ እንዲነካዎ አልፈልግም።

ልጅዎ ሞኤላንጊ

*

ፋንጋሉአ፣ ጁን 1 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለሞኤላንጊ፣

ተቀምጬ አነበብኩት። ኤሴታ ደግማ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት፤ የቁጣው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

እጄ አይነካዎትም ያልሽውን አልተቀበልኩትም። ለአለቃሽ ጽፌያለሁ፤ እንግሊዝኛውን ሉሲአ አቃንታልኛለች። የጻፍሁትም ይህ ነው፦ «እኔ ላፋኤሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ራጅ ሳነሣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙ ሐኪም አውቃለሁ። ማንም ሳይጠይቃት ጥፋቷን የተናገረችው ልጅ ሽቦውን ታስተካክልልኝ፣ እርስዎም አጠገቧ ይቁሙ። ተሳስቶ የማያውቅ ሐኪም ካላችሁ ግን አገናኙኝ፤ ራጅ ላነሣው እፈልጋለሁ።»

ስለ እናትሽ ልንገርሽ። ደህና ናት፤ እንዲያውም አስቸግራናለች። ገበያ ቆማ ዓሣ ከሚሸጠው ጀምሮ ላገኘችው ሁሉ «ሹመቷን አሳልፋ ሰጥታ ነው እኮ የተናገረችው! ሰማህ? ማንም ሳያስገድዳት!» ትላለች። ሰዉ መጀመሪያ ሊያጽናናት መጥቶ ነበር፤ አሁን ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ትናንት ቤታችን መጥታ ኤሴታን «ልጄ ባልሽን ልትገድለው ነበር፤ ይቅር በዪኝ» አለቻት። ኤሴታም «እኔም ስንት ጊዜ ልገድለው ነበር» አለቻት። ሲስቁ ጎረቤት ወጣ።

ጁላይ እንገናኝ።

አባትሽ ላፋኤሌ

*

ኦክላንድ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1998

ይድረስ ለጋሼ ላፋኤሌ፣

አዲሱ የልብ ምት ወረቀትዎ ደርሶኛል። የመጀመሪያው የደረት መስመር ላይ ምቱ ወደ ታች ወርዷል፤ ሽቦው ባስቀመጥነው ቦታ ጸንቷል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ መስተዋት ሥር አኑሬዋለሁ። ጁላይ ላይ አለቃዬ አጠገቤ ቆመው ሽቦውን ስስብ እጄ እንዳልተንቀጠቀጠ ለሰው ሁሉ ይናገራሉ አሉ። ተንቀጥቅጧል። ጫፉ በትክክል አርፎ እፎይ ልል ስል፣ ደረትዎ ብቻ ደንዝዞ ዓይንዎ እንደፈጠጠ «ልጄ፣ ከጎን!» ብለው ሲጮሁ ነው የቆመልኝ። ክፍሉ ሁሉ የሳቀውን አለቃዬ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ስህተቴን ስላቀረብኩበት የልብ ሐኪሞች ጉባኤ ጠይቀውኛል። ሁለት መቶ ሰው ያህል ነበር። ስምዎን እንድጠራ ስለፈቀዱልኝ ሙሉውን ጠራሁት። መጀመሪያ የፊቱን ራጅ አሳየሁና «ስህተት ያየ እጁን ያውጣ» አልኩ። ማንም አላወጣም። የልብ ምቱን ወረቀት አሳየሁ፤ አምስት ስድስት እጅ ወጣ። ምንጣፍዎ ሥር የነበረውን የጎኑን ፊልም ሳሳይ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ከፊት ረድፍ አንዱ እየሳቀ «ለመሆኑ የማን እጅ ሥራ ነው?» አለ።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እንዴት እንዳለፈኝ፣ ማን እንዳገኘው፣ እንዴት እንዳስተካከልነው አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስጨርስ አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪም ከኋላ ተነሡ። «በ1986 እንዲሁ ያለ ሽቦ አስገብቼ ነበር። ታማሚዬ ስትሮክ መታት፤ ሞተች። የጎኑን ራጅ ያየሁት ከሞተች በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ስሟን ግን አልረሳሁትም» አሉና ተቀመጡ። ያጨበጨበ የለም። ለሻይ ስንወጣ አሥራ አንድ ሰው አንድ በአንድ እየመጣ ጆሮዬ ላይ የየራሱን ነገረኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በክፍላችን የጎኑ ራጅና የልብ ምቱ ወረቀት ሁለት ሰው ሳያያቸው ማንም ወደ ቤቱ አይሸኝም። ስለ ሹመቱ እስካሁን የተባለ ነገር የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ግን ጋሼ፣ ከአዳራሹ ስወጣ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር። እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነው።

ልጅዎ ሞኤላንጊ

*

ፋንጋሉአ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለሞኤላንጊ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጁላይ ላይ ስንሰነባበት አየር ማረፊያ ለምን እንዳለቀስኩ በስልክ ጠይቀሽኝ፣ ፓስተሩ አጠገቤ ስለቆመ «ጉንፋን ነው» ብዬሽ ነበር። አሁን ልንገርሽ። ያለቀስኩት በአንቺ አልነበረም፤ በራሴ ነው።

በ1971 በአንድ ቀን የሁለት ሰዎች ደረት አነሣሁና የፊልሞቹን ስም አቀያየርኩ። ሥራ ከጀመርኩ ገና አራት ዓመቴ ነበር። ማሌኮ የሚባል ጤነኛ ሰው ሳንባ ነቀርሳ አለብህ ተብሎ ስምንት ወር ከሰው ተለይቶ ተዘጋበት። እውነተኛው በሽተኛ ቆይቶ በራሱ ተመልሶ መጣና ታክሞ ዳነ። ስህተቱን ያገኘሁት የፊልም ማስቀመጫውን ሳስተካክል ነው፤ ያኔ ማሌኮ ከወጣ አራት ወር ሆኖታል። ወጥቷል፣ አሁን ብናገር ምን ይጠቅመዋል ብዬ ስሞቹን አርሜ መሳቢያውን ዘጋሁት። በኋላ ነው የሰማሁት፤ ተዘግቶበት ሳለ እናቱ ሞታ ሳይቀብራት ቀርቷል።

የጉባኤውን ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለኤሴታ ነገርኳት። ሣጥኗን ከፍታ ለቀብሯ ያስቀመጠችውን የክብር ምንጣፍ አወጣች። «ይህንማ ልተወው» ብላት «ውሰደው፣ እኔ ገና አልሞትም» አለችኝ።

አንቺ በልጅነትሽ ስለወጣሽ ይህን የይቅርታ ሥርዓታችንን አይተሽ አታውቂ ይሆናል። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ምንጣፉን ራሴ ላይ ጣልኩና ማሌኮ ደጅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የተበደለው ይቅር ካለ ምንጣፉን ያነሣል፤ ካላለ የፈለገውን ያደርጋል። ፀሐይ ወጣች፤ ላቤ ወረደ። አንዲት ዶሮ መጥታ ጭኔ ላይ ቆመች። በመጨረሻ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

«ማነው እዚህ ሥር?»

«ላፋኤሌ ነኝ፤ የሆስፒታሉ ራጅ አንሺ።»

«ማንን ገድለህ ነው?»

«ማንንም አልገደልኩም። ያንተን ስምንት ወር ነው የወሰድኩት።»

ከምንጣፉ ሥር ሆኜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ፊቱን ስለማላይ ቀለለኝ። የእናቱንም ነገር አነሣሁ። ልቤ ስትመታ ይሰማኛል፤ መሣሪያሽ አንዲት ምት አልዘለለም።

«ላፋኤሌ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት እግዚአብሔርን ከስሼዋለሁ። እናቴን ለምን ሳልቀብር አስቀረኸኝ ብዬ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ አፌን ግን ለመዝሙር አልከፍትም። ሚስቴም ዘምር ብላኝ ብላኝ ተወችው። አሁን በአንተ ምክንያት እሱን ይቅርታ ልጠይቅ ነው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልኩት።

«ይኸው ነው እኮ የምልህ!» ብሎ ጮኸና ምንጣፉን ከራሴ ላይ ገፈፈው። ዓይኑ ቀልቷል። «ተነሥ በል። ልብህ በባትሪ ነው ይላሉ፤ ደጄ ላይ ቢያልቅብህ ደግሞ ልታስከስሰኝ ነው?» አለኝ። እጁን ሰጥቶ አነሣኝና አስገባኝ። ምሳ አብረን በላን። ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል አልተናገረም፤ የእናቱን መቃብር ብቻ ወስዶ አሳየኝ። እዚያው ቤቱ አደርኩ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞኝ ገባና አጠገቡ አስቀመጠኝ። መዝሙሩ ሲጀመር ተነሥቶ አፉን ከፈተ። ልጄ፣ ድምፁ እጅግ አስቀያሚ ነው፤ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ በይው። ሚስቱ ዞር ብላ ስታየው የመዝሙር መጽሐፏ ከእጇ ወደቀ። ሰው ሁሉ ዞረ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይጮኻል።

እኔም ደረቴን ነፍቼ ከእሱ በላይ ጮኼ ዘመርኩ።

አባትሽ ላፋኤሌ